ኅዳር ሲታጠን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ጭስ ትለብሳለች። በየደጁ፣ በየቦዩ ዳር፣ በየግቢው ጥግ የተጠራቀመው ጥራጊ ተሰብስቦ ይነድዳል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብስ አጥባ ያሰጣችው ሴት ታማርራለች። ልጅ «ምንድነው ይኼ ሁሉ ጭስ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅም፣ የሚያስረዳም የለም።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ስለ ፈሊጣዊ አነጋገር በተነሣ ቁጥር ይህችን ሐረግ ለተማሪዎቼ እወረውርላቸው ነበር። «ከየት መጣች?» ስላቸው ግማሹ «የቆየ ባህል ነው» ይለኛል፤ ግማሹ ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል በዓል መሆኑን ጠቅሶ ያልፈዋል። «ሰው ስላለቀ ነው» የሚል ተማሪ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነበር። አልፈርድባቸውም። መታሰቢያው ጭስ ብቻ የሆነ እልቂት እንደ ጭሱ በንኖ ቢጠፋ ምን ይገርማል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታት። በሽታው ከስፔን የመጣ አልነበረም፤ ስፔን በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ ሳይሸሽጉ ጻፉበት፣ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። እኛ ግን ከስፔን ጋር ምንም ጠብ ስላልነበረን በወሩ ጠራነው፤ «የኅዳር በሽታ» አልነው።

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ መግባት ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢበዙም ነገሩን ያን ያህል አይለውጡትም ነበር፤ በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ የነበረው ሐኪም ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረውም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ያኔ የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ እሳቸውም ታመው ለሞት ቀርበው ነበር። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ ይነግሩናል፤ የራሳቸውንም መትረፍ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ይሉታል።

ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ጉንፋን አብዝቶ የሚጎዳው ሽማግሌንና ሕፃንን ነው። የ1911ዱ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ በብዛት ገደለ። እስቲ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መቃብር የሚቆፍረው፣ አስከሬን የሚሸከመው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ እህል የሚፈጨው ክንድ ነው በመጀመሪያ የወደቀው። ቀባሪው ሲሞት ሟቹን ማን ይቅበረው?

ሴት አያቴ ያንን ኅዳር በልጅነቷ አይታዋለች። ስለ እሱ ስታወራ የሟች ቁጥር አታነሣም፤ ቁጥር የእኛ የፊደል ቆጣሪዎች ነገር ነው። እሷ የምትለው «ያኔ ሰው አልቅሶ አልቀበረም» ነበር። ሙሾ የለም፣ ደረት መምታት የለም፣ ድንኳን የለም፣ ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ ማግኘትም ጭንቅ ነው። አንዱን በነጠላ ጠቅልለው በጓሮ ሲቀብሩ ከውስጥ ሌላው ያጣጥራል። ጉድጓዱ ጥልቅ ስላልሆነ ማታ የጅብ ድምፅ ሲሰማ የሁሉም ልብ ይሰነጠቃል። ለቅሶን እንደ ግዴታ ለሚቆጥር፣ «ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ለሚመርቅ ሕዝብ ከዚህ የከፋ ውርደት አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ያ ጭስ የተጨሰው። የዘመኑ ሰው በሽታ ከክፉ ሽታና ከተበከለ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ቆሻሻውን ጠርጎ አቃጠለ፤ ቤቱን አጠነ። ሳይንሱ በኋላ መጥቶ ጉንፋን በጥራጊ ሽታ እንደማይመጣ ነገረን። እኔን የገረመኝ ግን ሳይንሱ ሳይሆን ግሱ ነው።

ማጠን የሚለውን ቃል እንየው። ቄሱ ጽንሐውን ይዞ መቅደሱን ያጥናል፤ ዕጣኑ ወደ ላይ ሲወጣ ጸሎቱም አብሮ ይወጣል። እናትም ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች፤ ጠላው እንዳይበላሽ ነው። የአራስ ቤት ይታጠናል፤ የወተት ዕቃ ይታጠናል። መቅደሱና ማጀቱ በአንድ ግሥ ይገናኛሉ። አማርኛችን ለጸሎቱ አንድ፣ ለጽዳቱ ሌላ ቃል አላበጀም። «ኅዳር ሲታጠን» ያለው ሰው ጸሎት እያደረሰ ነው ወይስ ቤት እያጸዳ? መልሱ «ሁለቱንም» ነው። ጥያቄው ራሱ የእኛ ዘመን ጥያቄ ነው። ለእሱ ሁለት ነገር አልነበረምና።

እኛ ግን ለያየነው። ከለያየነው በኋላ ደግሞ በሁለት ጎራ ቆመን እንጣላበታለን። አንደኛው ወገን መከራ በመጣ ቁጥር «ጸሎት ምን ፈየደ? የሚሞተው ሞተ አይደል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «በኃጢአታችን ነው፣ ዝም ብሎ መጸለይ ነው» ይልና እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አልንቀውም። ልጇን የቀበረች እናት ስትጠይቀው ከባድ ጥያቄ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመልሰው ሰው ይፈር። ሁለተኛው ወገን ግን ይበልጥ ያስፈራኛል። «በኃጢአታችን» ብሎ ይጀምርና ሁለት ቀን ሳያድር «በኃጢአታቸው» ይላል። «ታችን» ወደ «ታቸው» ስትዞር የፊደሏ ለውጥ ትንሽ ነው፤ መዘዟ ግን ብዙ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወዳጃቸው ልጆቹን ቀብሮ፣ ሀብቱ ጠፍቶ፣ ቁስል ወርሶት በአመድ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት አብረውት ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃልም አልተነፈሱም። ያ ዝምታ በመጽሐፉ ውስጥ ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ሥራቸው ነው። አፋቸውን ከፍተው «ያለ ጥፋትህ አልመጣብህም» ማለት ሲጀምሩ ግን ተበላሹ፤ በመጨረሻ ፈጣሪ የገሠጸው እነሱን ነው። የመከራ ጊዜ ለቅሶ ደራሽ ይፈልጋል፤ ዳኛ አይፈልግም።

አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ቀን ምሕላ የሚባል ነገር አቆይተውልናል። ምሕላ የግል ጸሎት አይደለም። ድርቅ፣ ቸነፈር፣ ጦርነት ሲመጣ ሕዝብ በአንድነት በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ፣ ተንበርክኮ «እግዚኦ» የሚልበት ነው። አንድ ሰው ለራሱ ጉዳይ ስለት ይሳላል፤ ምሕላ ግን የሚያዘው ለሁሉ ነው። በምሕላው ላይ 41 ጊዜ የሚደጋገመው የግዕዝ ቃል «መሐረነ» ነው። ግዕዝ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው መጨረሻው ላይ ያለችው «ነ» «እኛን» ማለት ናት። «ማረኝ» አይደለም፤ «ማረን» ነው። ለራስ ሲቆርሱ ማሳነስ በማይታወቅበት ዓለም፣ ለራስ ብቻ መቁረስ የማይቻልበት ጸሎት ነው።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ጥርስ ያለው። «ማረን» ብሎ ተንበርክኮ ተነሥቶ፣ የጎረቤቱ በር ሲንኳኳ «እዚያው ይሙት» ያለ ሰው ምን ጸለየ? በ1911 መድኃኒት አልነበረም ብለናል። የነበረው ማስታመም ነው፦ ውኃ ማጠጣት፣ አጥሚት ማቅመስ፣ ልብስ ማልበስ። ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ብዙ ሰው በበሽታው ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ ይሞታል። ደጅ ከፍቶ አንድ ጣሳ ውኃ ያቀበለ ጎረቤት፣ ሐኪሙ ያልነበረውን መድኃኒት ሰጥቷል ማለት ነው። ታሪክ የእነዚህን ሰዎች ስም አልመዘገበም። አያቴ ግን አንዲት ጠላ ሻጭ ስታነሣ ትኖር ነበር፤ በሰፈሩ ሰዎች ዘንድ እንኳን ለጸሎት ለሰላምታም የማትፈለግ ሴት ነበረች አሉ። ጋኗን ባዶ አድርጋ ውኃ እየሞላች በየቤቱ የዞረችው እሷ ናት። «እግዚኦታውን ያደረሰችልን እሷ ናት» ትል ነበር አያቴ። ሥነ መለኮት ተምራ አይደለም።

ይህ ነገር ከ1911 የጀመረም አይደለም። ከዚያ 30 ዓመት ቀድሞ የመጣውን ክፉ ቀን እናስታውስ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምፅዋ በኩል ጣልያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። በሬ ሲሞት እርሻ ቆመ፣ መሬት ጦም አደረ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ከረሃቡ በኋላ የተከተለው ተላላፊ በሽታ ተደራርቦ እስከ 1884 ድረስ ሕዝቡን ረገፈው። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ «ጸልዩ» የሚል አዋጅ አስነገሩ። በዚያ ብቻ ግን አልቆሙም፤ ጎተራቸውን አስከፈቱ። ቀጥሎ ያደረጉት ደግሞ በዘመኑ ሰው ዓይን ለንጉሥ የማይገባ ነበር፦ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ለጨዋ ልጅ በእጅ መቆፈር ነውር ነበርና፣ በሬው ያለቀበት ባላባት ነውሩን ፈርቶ ከሚራብ ብለው ንጉሡ ነውሩን ራሳቸው ላይ ወሰዱት። መኳንንቱና ወታደሩም እያየ ተከተለ።

የነነዌን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የነነዌም ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀምጧል። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት ሦስት ቀን የምንጾመው ያንን እያሰብን ነው። መጽሐፉን ልብ ብሎ ላነበበው ግን ፈጣሪ አይቶ ራራ የተባለው ማቁንና አመዱን አይደለም፤ ሰዎቹ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን ነው። ምኒልክ ከዙፋን ወርደው አመድ ላይ አልተቀመጡም፤ ማሳ ውስጥ ገቡ። በእኔ አስተያየት አዋጁን ሙሉ ያደረገው ዶማው ነው።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ አንድ ልጨምር። ኤች አይ ቪ ኤድስ አገሩን ሲያምሰው «መቅሰፍት ነው» ያልነውን፣ በሽተኛውን ከቤት ያባረርነውን፣ ሬሳ ለመግነዝ የፈራነውን የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ብዙ ሕሙማን መጠጊያ ያገኙት ጠበል ላይ ነው፤ እንጦጦ ማርያም በሕሙማን ተሞላች። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን አዲስ ጭንቅ መጣ። «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» ብለው ኪኒናቸውን የጣሉ ነበሩ። ያመኑት ከልብ ነው፤ የሞቱትም ከልብ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ተናገሩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለዚያች ጠበሉ ዳር ኪኒናዋን በመቀነቷ ቋጥራ ልጣለው አልጣለው እያለች ለምታመነታ ሴት ግን ይህ ንግግር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። መቅደሱና ማጀቱ እንደገና በአንድ ግሥ ተገናኙ።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ካህናት ጽንሐ ይዘው የአዲስ አበባን ጎዳና ሲያጥኑ ስመለከት፣ ኅዳር ያለ ወሩ የመጣ መሰለኝ። በመጋቢት መጨረሻ የሁሉም እምነቶች የአንድ ወር ጸሎት ታወጀ፤ በቴሌቪዥን ተጸለየ። ቤተ ክርስቲያንም ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ አሳሰበች። ስቅለትንና ፋሲካን ከቅጥሩ ውጭ ማሳለፍ ለብዙ ምእመን ከበሽታው ያላነሰ ሕመም ነበር። ያኔ «እምነት ያለው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል ወይ?» የሚል ሙግት በየቤቱ ተነሥቶ ነበር። የገባኝን ልናገር። ሚያዝያ 11 ሌሊት ቤቷ ቁጭ ብላ ጧፍ ያበራች አሮጊት፣ ጎረቤቷን ላለመጉዳት ብላ ከምትወደው ቅዳሴ የቀረች እንደሆነ፣ መቅረቷ ራሱ ምሕላ ነው። «ማረን» ውስጥ ያለችውን «ን» አክብራለችና።

ከዚያ ሰሞን በተለይ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ሥራ ሲቆም፣ ቀን ሠራተኛው ሲቸገር፣ «ማዕድ ማጋራት» የሚባል ነገር ተጀመረ፤ ሰው ዱቄትና ዘይት እየያዘ ወጣ። አንዳንድ አከራዮችም የተከራዮቻቸውን የወር ኪራይ ማሩ። «ኪራዩን ምሬሃለሁ» አሉ። አማርኛው «ማረ» የግዕዙ «መሐረ» ልጅ ነው። ማለዳ «መሐረነ» ብሎ ከሰዓት «ምሬሃለሁ» ያለ ሰው የለመነውን ነገር ራሱ ሰጠ። ኪራይ ጨምረው «ክፈል ወይ ውጣ» ያሉም አልጠፉም፤ እነሱም ጠዋት እግዚኦ ሳይሉ አልቀሩም።

ሐቁን ሁሉ ካነሣን አይቀር፣ ትልቁን ፈተና የወደቅንበትን ቦታ መዝለል አይገባኝም። ኮሮናው ሳይወጣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነት ገባን፤ የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በውጊያው መስመር ወዲህም ወዲያም ያሉ እናቶች በአንድ ዓይነት ነጠላ፣ በአንድ ዓይነት ቅዳሴ፣ በአንድ ዓይነት ግዕዝ «መሐረነ» ይሉ ነበር። ፈጣሪ ሁለቱንም ይሰማል። እኛ ግን ያችን «ነ» ወዲህና ወዲያ ሰነጠቅናት። ከወዲያ የሞተው ሲሞት «እሰይ» ያለ አንደበት ማታ ምሕላ ላይ ቆሟል። ኅዳር 1911 ቀባሪ ያጣነው በሽታው ጎልማሳውን ስለገደለብን ነው። ይህኛውን ጎልማሳ ማን ገደለው? በዚህ ላይ ኢንፍሉዌንዛን መክሰስ አንችልም።

እንግዲህ «ጸሎት ምን ፈየደ?» ለሚለው ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊ ሆኜ የምሰጠው መልስ ውስን ነው። ሰማይ ላይ የሆነውን ማኅደር ገልጬ ላነብብ አልችልም። ምድር ላይ የሆነውን ግን ማየት ይቻላል። በክፉ ቀን ጸሎትና እጅ አብረው በሄዱበት ቦታ ሁሉ ሰው ተርፏል፤ ያልተረፈውም ብቻውን አልሞተም። ጸሎት እጅን ፈትቶ ሲልክ ዶማ፣ ጣሳ ውኃ፣ ኪኒና፣ የተማረ ኪራይ ሆኖ ይገኛል። እጅን ሲያስር ግን የምስኪኑን በር የሚዘጋ መወርወሪያ ይሆናል። ጸሎቱን የምናውቀው ከእጁ ነው ማለቴ ነው።

ዛሬ በኅዳር 12 የምናነድደው አብዛኛው ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። የጤና ባለሙያዎች ጭሱ ሳንባ እንደሚጎዳ ይነግሩናል፤ እውነታቸውን ነው። አባቶቻችን በሽታ ለማባረር ያጨሱትን እኛ በሽታ ለመጥራት እያጨስነው ነው። ቢቀር አላዝንም። ቀኑ ግን ባይቀር እወዳለሁ። ጥራጊውን ሰብስበን በወጉ እናስወግድ፤ መቅደሱን ካህኑ ይጠን፤ እኛም በዚያ ቀን አልጋ ላይ የዋለ ጎረቤት፣ ጠያቂ ያጣ አስታማሚ፣ ያላለቀሱለት ሟች ያለው ቤት ፈልገን እንግባ። ከጎናችን ያለችውን በር እናንኳኳ። ውኃ ይዘን።